ለዳሚት ተሳቢ ስንመርጥ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ሰላምታዬ ከደጅሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይግባልሽ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ያልሽው ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት እየተቀባሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ መስኮት ላይ አስቀምጠሽ እያየሽው ነው? የስፌት መኪናሽስ ተሠራ? ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽ አሁንም በውሃ ቆጣሪው ትጨቀጭቅሻለች? አደራ፣ ከእሷ ጋር አፍ አትካፈቺ፤ ደምሽን ከፍ የምታደርግብሽ እሷ ናት።

እኛን ከጠየቅሽ፣ ዳሚት ደህና ናት፤ ጋማዋ አድጎ ዓይኗ ላይ ወድቋል። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። እኔም ደህና ነኝ። ወንድምሽ ስምሽን ሳይጠራ አይውልም። ይህን የምጽፍልሽ ጋጣው ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ወረቀቱ ረጥቦና ተጨማዶ ቢደርስሽ ዳሚት ናት፣ በትከሻዬ ላይ አፍንጫዋን እያሾለከች አላጽፍ ብላኛለች።

የዛሬው ወሬዬ ተሳቢ መግዛታችን ነው። የፈረስ ተሳቢ። መቼም ስትሰሚ መሳቅሽ አይቀርም፤ «አንዲት ፈረስ ይዘው የተሳቢ ባለቤት ሆኑ» ትያለሽ። እኔም መጀመሪያ ሲነግረኝ ስቄበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቂው እግራቸው ያልጸናላቸውን ልጆች ዳሚት ላይ እያስቀመጥን የምናለማምዳቸው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነበር። አሁን ግን ከከተማው ማዶ ያለው የልጆች ሕክምና ማዕከል ዳሚት እየሄደች እንድትሠራ ጠይቆናል። የተስማማው ወንድምሽ ነው። ከኃላፊዋ ጋር ሲነጋገር አጠገቡ ነበርኩ። ስለ ራሱ አንድም ቃል አላነሣም፤ «ባለቤቴ ትመጣለች» ብቻ ነው ያላት። እኔ የሥራ ክፍፍል መሰለኝ።

እስካሁን ዳሚትን የትም ስንወስዳት የከብት መኪና እየተከራየን ነበር። መኪናው ከፍታ ስላለው አንዱ ከፊት ይስባል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፣ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ ይሳደባል። በእርግጥ ወንድምሽ ትከሻውን ከታፋዋ ሥር አስገብቶ «በይ እመቤቴ» ሲላት ሌላው ሰው ሁሉ ትርፍ ነው። የእሱን ትከሻ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ «የኔ ግድግዳ» የምትይው አንቺ ነሽ። በመጨረሻው ጉዞ ግን ትከሻውን ሊሰጣት ሄደና ተመለሰ። የመኪናውን ጎን ተደግፎ ቆመ። ጎረቤታችን በያጁና ሾፌሩ ናቸው እየተጋገዙ ያስገቧት። በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ ሻዩን ሳይቀምሰው፣ «ሰው ሳይገፋት የምትገባበት ነገር እንፈልግ» አለኝ። ተሳቢ የሚለው ወሬ ቤታችን የገባው በዚህ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ዳሚትን በገመድ ለካት። ከሰኮናዋ እስከ ጆሮዋ ጫፍ ለካና ቋጠረ፣ ከደረቷ እስከ ጭራዋ ሥር ለካና ቋጠረ፣ የጎኗንም ስፋት እንዲሁ። ጣሪያው ከጆሮዋ በላይ ተርፎ ካልሄደ አናቷን እየተመታች ትሄዳለች፣ ከዚያ በኋላ ለምነሽም አትገባልሽም አለኝ። ጎኑ ከጠበባት ደግሞ እግሮቿን ከፈት አድርጋ መቆም አትችልም፤ መኪናው ሲታጠፍ ትወድቃለች። ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ገመዱን ጠቀለለና በእኔ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። «አንተ አትይዘውም?» ስለው «አንቺ ጋ ይሁን፣ እኔ እጥለዋለሁ» አለኝ። እሱ መቼ ዕቃ ጥሎ ያውቃል እትዬ!

መጀመሪያ የሄድነው አሮጌ መኪና እየገዛ፣ ቀለም እየቀባ የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ነው። አፉ ማር ነው። ነጭና ሰማያዊ የተቀባ፣ ሁለት ፈረስ ጎን ለጎን የሚያቆም፣ ከፊቱ የኮርቻ ማስቀመጫ ያለው ተሳቢ አሳየን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ያንን እየጎተትኩ በሰፈራችን ሳልፍ ታየኝ።

ወንድምሽ ቀለሙን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ከኪሱ ካቻቪቴ አውጥቶ ሰጠኝና «ከሥር ግቢና ወለሉን ውጊው» አለኝ። እኔ? ያውም ነጭ ሸሚዝ ለብሼ? ድሮ ቢሆን መሬት ላይ ተንጋሎ የሚገባው እሱ ራሱ ነበር፣ እኔ «ልብስህን! ልብስህን!» እያልኩ እየጮህኩበት። ነጋዴው ወንበር አምጥቶለት ነበር፤ ተቀመጠ። ሰው ቤት ሄዶ እንኳ ቁጭ በል ሲሉት ሰበብ እየፈለገ የሚቆም ሰው፣ የነጋዴን ወንበር እምቢ ሳይል ተቀመጠ።

ካርቶን አነጠፍኩና ገባሁ። የጣውላውን ጫፍ ስወጋው ካቻቪቴው ዳቦ እንደሚወጋ እስከ እጀታው ሰመጠ። ለካ የፈረስ ሽንት ለዓመታት ሲጠራቀም እንጨቱን ከሥር ከሥሩ ይበላዋል፤ ላዩ ላይ የጎማ ምንጣፍ ስለሚነጠፍበት ማንም አያየውም። ያየሁትን ተናገርኩ። ነጋዴው «እሱ ርጥበት ነው እናቴ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠነክራል» አለ። ወንድምሽ ሳቀበት። «ወለሉ መንገድ ላይ ከተናደ በአራት እግሯ አስፋልቱን እየሮጠች ልትከተለን ነው? ይኼማ ተሳቢ አይደለም፣ ቀለም የተቀባ የሬሳ ሣጥን ነው» አለው።

ነጋዴው ከልቡ ሳቀ። እኔ ከተሳቢው ሥር ሆኜ የሚታየኝ የወንድምሽ ጫማ ብቻ ነበር። ሲስቅ በእግሩ መሬቱን የመምታት ልማድ አለው አይደል? እግሩ ቀጥ ብሎ ቀረ። እኔም ቶሎ አልወጣሁም።

እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ተሳቢ ነበር። ወለሉ ብረት ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ግን የድንጋይ ያህል ይከብዳል። የእኛን ፒክአፕ ታውቂያታለሽ፣ ዳገት ላይ ባዶዋንም ታቃስታለች። ወንድምሽ የተሳቢውን ክብደት ጠየቀ፣ የዳሚትን ጨመረበትና «ቁልቁለት ላይ እኮ መኪናዋ ይህን አትጎትተውም፣ እሱ ነው ወደ ገደል የሚገፋት» አለ። ነጋዴው «እንዳንተ ላለ ወንድ ምን አላት ወንድሜ? መሪውን ጠበቅ ማድረግ ነው» አለው።

«የምትነዳው እሷ ናት» አለ ወንድምሽ። ወደ እኔ ግን አላየም።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ እኮ «እንጎትተዋለን» ሲል ነበር። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ንግግሩ ተለወጠብኝ። «እንጭናታለን» የነበረው «ትጭኛታለሽ» ሆነ። «ከመነሣትሽ በፊት ጎማውን ታያለሽ፤ ጥርሱ ደህና ቢሆንም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ አትመኚው» ይለኛል። «ፍሬቻውን አብርተሽ ወርደሽ ከኋላ ታይዋለሽ» ይለኛል። «አንቺ ፍሬን ስትይዢ ተሳቢውም አብሮሽ የሚይዝ መሆኑን ሳታረጋግጪ እንዳትገዢ» ይለኛል። እትዬ፣ ጆሮዬን ይዤ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ስንመለስ መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ አላስችል አለኝና ዳር ይዤ አቆምኩ። «ተሳቢ አልፈልግም። ዳሚትም ትሸጥ፣ ሥራውም ይቅር» አልኩት። ጮኼ ነው የተናገርኩት፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ። እሱ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ አየር ሳበና «እሺ፣ ሸጥሻት። ጠዋት ለምን ብለሽ ትነሺያለሽ?» አለኝ።

«ዳሚት ቁርሷን ትፈልጋለች» አለኝ። «ዛሬ አልነሣም ብትያት አትሰማሽም፤ በሩን በእግሯ ትደበድብብሻለች፣ ታውቂያታለሽ። ልጅ ቢኖረን ልጁ ይቀሰቅስሽ ነበር። አልሆነልንም። እንግዲህ እሷ ትቀስቅስሽ።»

አለቀስኩ። እሱ አላባበለኝም፤ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ አሻግሮ መንገዱን ያያል። ከዚያ አስነሥቼ ነዳሁ። በራችን ላይ ደረስን። ልንወርድ ስንል «ማርሽ ስትቀይሪ ትዘገያለሽ» አለኝ። ምን ላድርገው? ሳቅሁ።

ሦስተኛዋን የጠቆመን በያጁ ነው። አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ፈረሳቸውን ለዓመታት ብቻቸውን ሲይዙ ኖረው አሁን ፈረሱ አርጅቶ ሞተባቸው። ተሳቢዋ አጥራቸው ሥር ቆማ ነበር። ግራጫ ናት፣ አንድ ጎኗ ተጨራምቷል፣ የኋላ መብራቷ በሽቦ ታስሯል። አንድ የሚያምር ነገር ፈልጌ አጣሁባት።

የጎማ ምንጣፏን ገልጬ ጣውላውን ወጋሁት፤ ካቻቪቴው ነጥሮ ተመለሰ። ከሥርም ገባሁ፣ ብረቱ ዝገት የለውም። በክሪክ አንሥተን ጎማውን ሳሽከረክረው ከኩሽኔታው ድምፅ የሚባል አልሰማሁም። ገመዱን አውጥቼ ለካሁ፤ ቁመቱም ስፋቱም ለዳሚት ተርፎ ይሄዳል። ውስጧ ነጭ ነው፤ ፈረስ ጨለማ ጉድጓድ መግባት ይፈራልና ብርሃን ሲያይ ነው ደፍሮ የሚገባው። ከፊት በኩል ደግሞ የሰው መውጫ ትንሽ በር አላት፤ ፈረሱ ቢደነግጥ ሰው ከግድግዳው ጋር እንዳይጨፈለቅ። ወንድምሽ ያችን በር ደጋግሞ አስከፈተኝ። የኋላውን መዝጊያ ዘርግተሽ ስታወርጅው ዳሚት የምትረግጠው መወጣጫ ይሆናል፤ ሞላ ስላለው አይከብድም። በአንድ እጄ አንሥቼ ዘጋሁት። «በግራሽስ?» አለኝ። በግራዬም ዘጋሁት። ፊቱ ፈካ እትዬ። እንዲያ ሲፈካ ካየሁት ቆየሁ።

ከዚያ ሴትዮዋን ይጠይቃቸው ጀመር። «ብቻዎን ነው የሚጭኑት?» አላቸው። ብቻዬን አሉት። «ከመኪናው ጋንቾ ጋር ሲያያይዙትስ ማን ያመላክትዎታል?» አላቸው። ተሳቢው አፍንጫ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዘንግ አቆማለሁ፣ እሱን በመስታወት እያየሁ ወደ ኋላ እመጣለሁ አሉት። «መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስስ?» አላቸው። ክሪኩን አሳዩት። «አልገባም ብሎ ቢያስቸግርዎትስ?» አላቸው። እጠብቀዋለሁ፣ እኔ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለኝ አሉት። ሁሉን የጨረሰ መስሎኝ ነበር። «ያስፈራዎታል?» አላቸው።

ነርስ ናቸው፤ የሰው ፊት የማየት ልማድ አላቸው። ዓይኑን አዩት፣ እጁን አዩት፣ በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ መቆለፉን አዩ። መልሱን ለእሱ አልሰጡትም። ወደ እኔ መጥተው አቧራ የነካውን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና «መጀመሪያ መጀመሪያ ያስፈራል። ኋላ ትለምጂዋለሽ የኔ ልጅ» አሉኝ። ስለ ተሳቢው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ወንድምሽ ግን ዳሚት ሳትገባበት አይሆንም አለ፤ ጫማ ሳይለካ ይገዛል ወይ ብሎ። በማግስቱ እየሳብኩ በእግር ወሰድኳት፣ እሱ በበያጁ መኪና ቀድሞ ጠበቀን። መወጣጫው ጋ ስትደርስ ቆመች። ብስባት፣ ብለምናት፣ ገብስ በእጄ ባሳያት ንቅንቅ የለም። አንገቷን አዙራ እሱን ታየዋለች። እንዲመጣና እንዲገፋት ነው የምትጠብቀው። «እኔን እያየች አትገባም» አለና ከአጥሩ ግንብ ኋላ ዞሮ ተሰወረባት።

ጆሮዋን አቁማ ፈለገችው። አሽካካች። እኔ ሴትዮዋ እንዳሉት ገመዱን ላላ አድርጌ ጠበቅኋት። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንገቷን ዝቅ አድርጋ መወጣጫውን አሸተተች፤ አንድ እግሯን አሳረፈች፣ መለሰች፣ ደግማ አሳረፈች። ከዚያ ሰኮናዋ ጣውላውን እንደ ከበሮ እየመታ ገባች። «ገባች! ገባች!» ብዬ እንደ ልጅ ጮህኩ። አስሬያት በትንሿ በር ወጥቼ ግንቡን ስዞር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በኮቱ እጅጌ ሸፍኗል። አቧራ ገባብኝ አለኝ። የዚያን ቀን ንፋስ አልነበረም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ለእኔ ስንት ወር ነው ያንገላታችኝ፤ ላንቺ በአንድ ቀን ገባችልሽ» አለኝ፣ የቀና መስሎ።

ተሳቢዋን ገዛናት።

ወደ ቤት ስንሄድ ነው ያስማለኝ። «ለእትዬ እንዳትጽፊላት» አለኝ። «አባታችንን ቀብራለች፣ እናታችንን ቀብራለች፣ ባሏንም ቀብራለች። ይበቃታል።» እምቢ ስለው «እትዬ ትሙት አልጽፍላትም በይ» ብሎ ያዘኝ። በሌላ ሰው ስም ቢሆን እኔ ይህን ያህል መሐላ የምፈራ ሴት አልነበርኩም። ግን በአንቺ አስማለኝ፤ ባፈርሰው የምትሞቺብኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የማልኩበትን ነገር አልጽፍልሽም። ስለ ተሳቢ ግን አላስማለኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ፀሐይ ላይ አወጣለታለሁ፣ እሱም ከዚያ ሆኖ ያሠለጥነኛል። «የማያያዣውን ሰንሰለት ረሳሽ!» «መሪውን ወዲያ ሳይሆን ወዲህ!» በያጁ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች እንኳ እንዲህ አልጨከኑብኝም ይላል። ባለፈው ሰኞ ዳሚትን ብቻዬን ጭኜ ማዕከሉ ደርሼ መጣሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ዳሚት ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጋማዋን ጨብጣ፣ እናቷን ከላይ ወደ ታች እያየች «አጭር ነሽ» አለቻት። ይህን ልነግረው እየሮጥኩ ገባሁ። ካስቀመጥኩት ቦታ አልተነሣም። ሳቀ። ከዚያ ዳሚት መታጠፊያው ላይ ተንገዳግዳ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተንገዳገደችም አልኩት። «ጥሩ» አለ። «ጥሩ። እንግዲህ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የቀረውን አልጠየቅሁትም።

ሸለብ አድርጎት ሲነቃ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከትምህርት ቤት መመለስ ያቃታችሁ ጊዜ፣ ጫማውን በጥርስሽ ነክሰሽ እሱን አዝለሽ የተሻገርሽውን። አንገትሽ ላይ ተጠምጥሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር አሉ፤ «ደረስን?» ሲልሽ ጫማው አፍሽ ውስጥ ስለሆነ መልስ መስጠት አልቻልሽም ነበር አሉ። ይህን ደጋግሞ ይነግረኛል፣ እንደ አዲስ።

እትዬ፣ ስለ ተሳቢው ያለኝ ወሬ ይኸው ነው። የጀመርሽውን ልብስ እንደ ጀመርሽው ተዪው፤ ባለቤቶቹ ይታገሱሽ። ስልክ አትደውዪለት። ከደወልሽ ደህና ነኝ ይልሻል፣ አንቺም ታምኚዋለሽ፤ ድምፁ ብቻ ነው ያልከሳው። ነይ። በር ላይ ሲያይሽ በእኔ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣኝ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ያሳጥርልሽም። በሰላም ያግባሽ። ብርታቱንም ለሁለታችን ይስጠን።

ወንድሜን አደራ ያልሻት፣
የወንድምሽ ሚስት